ካሰች ጣሰው፣ ቆዳ ነጋዴ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ካሰች፣

ይህች ወረቀት እጅሽ እስክትገባ የሚያልፈውን ጊዜ ሁሉ ጨምሬ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ብርቱካን ደኅና ናት? ከብቱስ? እኔ የቤተ ልሔሟ እመቤት ትመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም። ለአያ ጥላዬ ሙት ዓመት ፈተና ይዞኝ ሳልደርስ መቅረቴ አሁንም ያሳፍረኛል። ላንቺ ባል ቢሆንም እኔን በጀርባው አዝሎ ወንዝ ያሻገረኝ ሰው ነበር።

መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተሽ በምርቱ ግማሽ መኖር እንደ ጀመርሽ፣ ደብዳቤያችንን የሚያስተላልፍልን መምህር ማሩ ከመካነ ኢየሱስ ጽፎልኛል። አንቺ ግን አንድም ቃል አልተነፈስሽም። የአጎቴ ልጅ ብትሆኚም ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና ከሌላ ሰው መስማቴ ከፍቶኛል።

በንግድ ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ የምንማረው ስለ አዲስ ሥራ አቋቋም ነው። ሌላው ያላየውን ወይም የናቀውን ነገር አይቶ፣ ኪሳራውን በራሱ ላይ ወስዶ ሥራ የሚያቆመውን ሰው ፈረንጆች በአንድ ቃል ይጠሩታል። እኔ «ሥራ ፈጣሪ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። አገራችንን ሳስብ ይህ ሰው የት አለ እላለሁ። የተማረው ሁሉ የመንግሥት ወንበር ይጠብቃል። ገበሬው በመከር በርካሽ የሸጠውን እህል በክረምት በውድ መልሶ ይገዛል። ቆዳችን በጥሬው በመርከብ ይሄድና ጫማ ሆኖ ይመለሳል፤ የጫማውን ዋጋ ደግሞ እኛ አንችለውም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። እዚያው አገራችን፣ በአርብ ገበያ ዙሪያ ለፋሲካና ለሠርግ የሚታረደው ከብት ቆዳው ምን ይሆናል? እኔ የማስታውሰው መሬት ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲያቃጥለው፣ ውሻ ሲጎትተው ነው። የደብረ ታቦር ነጋዴዎች ግን በደንብ የደረቀ ቆዳ አጥተው ይፈልጋሉ። ይህን ሥራ አንቺ ብትጀምሪውስ?

መልስሽን በጉጉት የሚጠብቅ ወንድምሽ፣
አምሳሉ ካሳ


አርብ ገበያ፣ ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምሳሉ፣

ጥምቀትን እንዴት ዋልክ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። ብርቱካን እግርህን ስማለች። ደብዳቤህን ያመጣልኝ ለጥምቀት ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ሰው ነው። ጫፏ በቅቤ ርሶ ነበር፣ ግን ተነበበች። ፖስታው ላይ «ለየኔታ ጣሰው ቤተሰብ» ብለህ የሟች አባቴን ስም ትጽፋለህ፣ ሰውም ለሙት ደብዳቤ መጣለት እያለ ሲስቅብኝ ይውላል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሴት ልጁን ፊደል በማስቆጠሩ የነቀፉት ሁሉ ዛሬ ወረቀት ሲመጣላቸው አንብቢልን እያሉ ወደ እኔ ነው የሚሮጡት።

አንተ ልጅ፣ እዚያ የሚያበሉህ ምንድን ነው? እኔን ነው ቆዳ ነግጂ የምትለኝ? ፈጣሪስ አንድ ነው፤ ሌላ እየጨመርክበት እንዳይሆን። እዚህ ቆዳ የሚነካው ማን እንደ ሆነ ረሳኸው? ከወንዙ ማዶ ላሉት ፋቂዎች ሰው እህል ሲሸጥላቸው እንኳ መሬት ላይ አስቀምጦላቸው ነው እንጂ እጅ ለእጅ አይቀባበልም። ልጅ የታመመበት ሁሉ በቡዳነት የሚያማቸው እነሱን ነው። የየኔታ ጣሰው ልጅ ቆዳ ስትወጥር ብትታይ ማኅበርተኞቼ ከእኔ ጋር ጽዋ ይጠጣሉ?

ይህን ብዬ ደግሞ ይገርመኛል። የምንተኛበት አልጋ በጠፍር፣ በሬው የሚጠመደው በምራን፣ እህሉ የሚጫነው በስልቻ። የአባቴ ድጓ የተጻፈበት ብራናስ የፍየል ቆዳ አይደለም? ከበሮውስ በምን ተለጉሞ ነው ካህናቱ የሚያሸበሽቡበት? ሁሉም በቆዳ ይኖራል፣ የሚያለፋውን ሰው ግን ደጁ አያስገባም። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምለው፤ ለማንም እንዳታወራ።

ስለ እኩል አራሹ የሰማኸው እውነት ነው። ያልጻፍኩልህ ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ነው። ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ መታው፤ ግማሹ ቤቴ ሲገባ ግማሽም አይመስልም። በጎጃም በኩል ስለ አዲሱ ግብር የሚወራውን አንተም ሳትሰማው አትቀርም፤ በወረቀት አልጽፈውም።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ቆዳው መሬት ላይ ካልተሰጣ የት ነው የሚደርቀው? ለማወቅ ያህል ነው።

እህትህ ካሰች


አዲስ አበባ፣ የካቲት ፳፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለእትዬ ካሰች፣ ሰላምታዬ ከልብ ነው።

«ለማወቅ ያህል ነው» የምትለዋን ቃል ሳነብ ብቻዬን ስስቅ የክፍል ጓደኞቼ አበደ አሉኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። አራት እንጨት አሳስረሽ እንደ መስኮት አቁሚ። ቆዳው በትኩሱ ስቡና ሥጋው በደንብ ይነሣለት፤ ቢላዋው ግን እንዳይወጋው፣ ቀዳዳ ዋጋውን ይጥለዋል። ከዚያ ጠርዙን በወስፌ እየበሳሽ በገመድ ከእንጨቱ ጋር ወጥሪው። ታዛ ሥር፣ ጥላ ሆኖ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቁም። ፀሐይ አይንካው፤ መሬትም አይንካው። በቃ። ለቆዳ መግዣ መነሻ እንድትሆንሽ ያጠራቀምኳትን ትንሽ ነገር ከዚህ ጋር ልኬአለሁ።

ስለ ሰው አፍ አትጨነቂ። አንቺ ቆዳ አታለፊም፣ ትነግጃለሽ። ነጋዴ ደግሞ በየትም አገር ይከበራል። ደግሞስ ሰው የሚፈራው ስሙን እንጂ ሥራውን አይደለም። አንድ ሰው ደፍሮ ከጀመረው ሌላው ተከትሎ ይመጣል፤ አስተማሪያችንም የሚለው ይህንኑ ነው።

ከጀመርሽ እያንዳንዱን ነገር ጻፊልኝ። ማን ሸጠልሽ፣ ምን አሉሽ፣ ምን ተበላሸ፣ ምን ተሳካ። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሠራው አስቤአለሁ። ሌሎቹ ተማሪዎች ከመጽሐፍ ይገለብጣሉ፤ እኔ ግን እውነተኛ ሰው አለችኝ።

ወንድምሽ አምሳሉ


አርብ ገበያ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለአምሳሉ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ፣ ቢዘገይም። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ብቻም አይደለሁ፣ ስማኝ።

መጀመሪያ የራሴን የፋሲካ በግ ሌጦ ወጠርኩ። ጎረቤት ሲያይ ለመቀመጫ ነው አልኩ። ቀጥሎ የጎረቤቴን ወሰድኩ። ከዚያ ወሬው ዞረና ሰው ሁሉ ቆዳውን ይዞልኝ መምጣት ጀመረ። ግን እንዴት እንደሚመጡ ብታይ! አንድም በፊት በር የሚገባ የለም። በጓሮ ዞረው፣ አጥሩ ላይ ጣል አድርገውልኝ፣ ሳንቲማቸውን ተቀብለው ሽው ይላሉ። በማግስቱ ገበያ ላይ ሳገኛቸው ስለ ቆዳ ሰምተው የማያውቁ ይመስላሉ። ቄሱ እንኳ የበሬውን ቆዳ በሰው ልኮልኛል።

የደብረ ታቦሩ ነጋዴ መጥቶ ታዛዬ ሥር የተወጠረውን አገላብጦ ሲያይ «ይህን ያደረቀው ማነው?» አለኝ። እኔ ነኝ ስለው አላመነም። ያለኝን ሁሉ ጭኖ ሄደ፤ ከመከር በኋላም እንድጠብቀው ነገረኝ። አምሳሉ፣ በሬ ገዛሁ! ጥላዬ ከሞተ ወዲህ በግቢዬ የራሴ በሬ ሲያገሳ የሰማሁት ዘንድሮ ነው። ሁለተኛውን ካገኘሁ የአራሹን ፊት ማየት ይቀርልኛል።

ይህን ለጽሑፍህ ውሰደው። የሚቀጥለው ግን ለአንተ ብቻ ነው።

በልደታ ማኅበር ጽዋው ሲዞር አስካለ ለእኔ ለብቻዬ በቅል ቀድታ ሰጠችኝ። አስካለ አብራኝ ያደገችው፣ ብርቱካንን ስወልድ ያረሰችኝ። ዋንጫው ተሰብሯል አለችኝ። ዋንጫው ከጎኗ ተቀምጧል። ጠላውን ጠጥቼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩና እስኪበቃቸው ተቀመጥኩ። ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ።

ሌላው ደግሞ ብርቱካን ታጭታለች። ልጁ ዓባይ ይባላል፣ የእስቴው የአቶ ሙላው ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ እሷም ስሙ ሲነሣ ማድጋ ፍለጋ ትወጣለች፣ ማድጋው ፊቷ ቆሞ። ሠርጉ ለሚመጣው ጥር ነው። ወሬው እስቴ ሳይደርስ በክረምቱ ዕረፍትህ ና። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥና ይህ ንግድ ነው በላቸው። እኔ ስናገረው የሴት ወሬ ነው፤ አንተን ግን ተምሯል ብለው ይሰሙሃል። ገንዘብ አልፈልግም፣ አትላክ። አንተ ና።

እህትህ ካሰች


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ ፲፯ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለተከበርሽ እህቴ ለወይዘሮ ካሰች፣

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። በሰኔ ተመርቄአለሁ። ጽሑፌ ብዙ የተከበሩ እንግዶች ባሉበት ተነቦ እጅግ ተመሰገነ፤ የብዕር ሽልማትም አገኘሁ። ይህን የምጽፍልሽም በዚያው ብዕር ነው። ወዲያው አንድ ባንክ ቀጥሮኛል። ለጊዜው ነው፤ ልምድና ጥቂት ገንዘብ ሳገኝ የራሴን ሥራ አቋቁማለሁ።

አዲስ ሠራተኛ በመሆኔ ፈቃድ አይሰጡኝምና በዚህ ክረምት ለመምጣት አልቻልኩም። የብርቱካን መታጨት ደስ አሰኝቶኛል። በማኅበሩ ስለ ሆነው ነገር ታገሺ፤ ለውጥ ሲመጣ እንዲህ ያለ መንገራገጭ አይቀርም።

የቆዳ ዋጋ ዝቅ ብሏልና ነጋዴው ቢቀንስብሽ አትደነቂ። የስዊዝ ቦይ በጦርነት ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ መርከቡ አፍሪካን ዞሮ ስለሚሄድ የማጓጓዣው ወጪ ከፍ ብሏል። ሲሻሻል እጽፍልሻለሁ።

አክባሪሽ አምሳሉ ካሳ


አርብ ገበያ፣ ኅዳር ፳፭ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለአቶ አምሳሉ ካሳ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛም አለን።

ነጋዴው እንዳልከው ቀንሷል። እኔ የማላውቀው ቦይ ተዘግቶ የእኔን በር አንኳኳ። ይሁን፣ ይህስ ያልፋል።

አዲስ አበባ የሚኖረው ያገራችን ልጅ ዲያቆን መልአኩ ለጽዮን ማርያም ወደ ቤተ ልሔም መጥቶ ነበር፤ እግረ መንገዱን እኔንም ጠየቀኝ። ጽሑፍህ የተነበበ ዕለት ከኋላ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ጥሩ አድርገህ ተናገርክ አለ። ታዛውን፣ ወስፌውን፣ በጓሮ የሚመጡትን ሰዎች፣ የሞተውን ባሌን፣ የማኅበሩን ቅል ሳይቀር ነገርካቸው አሉ፤ ያንን ለአንተ ብቻ ነበር የጻፍኩት። «በአንድ ሩቅ ወረዳ የምትኖር አንዲት ሴት» ብለህ ጀመርክ። ስትጨርስ አንድ ትልቅ ሰው «የምታውቃት ናት?» ሲልህ «በወሬ የሰማሁት ነው» አልከው።

መልአኩ ይህን ሊያሳጣህ አልነበረም የነገረኝ፤ አንዲቷ ሴት እኔ መሆኔን አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። ውኃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ።

እዚህ ሰው ስሜን የማይጠራው ቆዳ ስለ ነካሁ ነው። አንተ ምን ነክቼብህ ነው?

አቶ ሙላው ሰምቷል። ልጄ ከፋቂ ቤት አያገባም ብሎ ሽማግሌ ላከ። ቆዳውን ትቼ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከማልኩ ሠርጉ ይቀጥላል፤ እስከ ገና ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ብርቱካን ለቀሚሷ ጥጥ መፍተሏን ግን አላቆመችም።

ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅህም። ናም አልልህም።

ካሰች


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ ፳፯ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

እትዬ ካሰች፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

መልአኩ የነገረሽ ሁሉ እውነት ነው። ሰውዬው ሲጠይቀኝ እህቴ ናት ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ከጎኑ የቆሙት የትልልቅ ሰዎች ልጆች ሲያዩኝ ፈራሁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆዳ ቆዳ የምሸት መሰለኝ። ሰው የሚፈራው ስሙን ነው እያልኩ ላንቺ እሰብክ ነበር፤ ለካ እኔም ያው ነኝ። ወንበር ጠባቂውን ስነቅፍ ቆይቼ ወንበሩን ሳገኝ እንዴት እንደ ተቀመጥኩበት ደግሞ አንቺም አይተሻል።

ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ባለው ጽሑፌ ላይ፣ ከመጀመሪያው ገጽ፣ ስምሽን፣ አገርሽንና እህቴ መሆንሽን በእጄ ጨመርኩበት። ይህችንም ፖስታ እያት። ከእንግዲህ በሙት ስም አልጽፍልሽም። ማንም ያገኛት ሰው እንዲያነበው ሙሉ ስምሽን ከነሥራሽ በትልቁ ጽፌአለሁ።

አትማይ። እለምንሻለሁ፣ ለማንም ብለሽ አትማይ። ለጥር ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ መጥቼ ከሽማግሌዎቹ ፊት እቆማለሁ።

ወንድምሽ አምሳሉ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

እትዬ፣

ምነው ዝም አልሽ? ፈቃዱን ሥራ አስኪያጁ ስለ ከለከለኝ ለጥር ሳልመጣ ቀረሁ፤ ይህንን እንኳ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ሰነበተ። ፖስታዋ አልደረሰችሽም ይሆን? ሠርጉስ እንዴት ሆነ? ብትቆጪኝም ጻፊልኝ።

አምሳሉ


አርብ ገበያ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምሳሉ፣

እንኳን አደረሰህ። ጾሙን ሙሉ ያልጻፍኩልህ ተቆጥቼ ስለ ነበር ነው፤ በጾም ደግሞ ቁጣ በወረቀት አይላክም። አሁን ልንገርህ።

ፖስታህ ደርሳለች። አትማይ ያልከኝ ቃል ግን የደረሰኝ ከማልኩ በኋላ ነው። በገና ዋዜማ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ቆዳ በእጄ አልነካም ብዬ ማልኩ። መወጠሪያዎቹን ሰባብሬ ለሠርጉ ድግስ ማገዶ አደረግኳቸው። አስካለ እያየችኝ «ጎበዝ» አለች፤ በዚያው ሳምንት ማኅበር በዋንጫ ጠጣሁ። ሠርጉ አማረ። ብርቱካን በበቅሎ ስትወጣ እኔም እስኪደክመኝ ጨፈርኩ። አንተ የት እንዳለህ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔ ግን በመንገዱ በኩል ሳይ ነበር የዋልኩት።

ከቅበላ በፊት የእስቴ አማቾቼን ለመልስ ጠራኋቸው። አቶ ሙላው ሲመጣ መካነ ኢየሱስ ላይ መምህር ማሩ አልነበረም አሉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ወደ አርብ ገበያ ከሄዱ ይህችን አድርሱልኝ» ብሎ ፖስታህን ሰጠው። ሙላው ማንበብ አይችልም። መንገድ ላይ ያገኘው አንድ ዲያቆን ከላይዋ የተጻፈውን አነበበለት።

ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ ቄሱ ማዕዱን ሊባርክ ሲነሣ፣ አቶ ሙላው ፖስታዋን ከጋቢው ሥር አወጣ። «ካሰች ጣሰው፣ ቆዳ ነጋዴ፣ አርብ ገበያ፤ እንዲህ ይላል። ምለሽልን አልነበረም? ይህ የማን ነው?» አለ።

አምሳሉ፣ መልሱ አፌ ላይ ነበር። «ልጁ መማሌን ሳይሰማ ጽፎት ነው» ብል ይበቃ ነበር፤ እውነትም ነበር። ሁሉም ያንን እንድል ነበር የሚጠብቁት፤ ሙላው ራሱ ጭምር፣ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ብርቱካን እንስራውን እንደ ያዘች በዐይኗ ትለምነኝ ነበር።

ፖስታዋን አየኋት። ስንት ዓመት ለሰው ደብዳቤ ሳነብ፣ የእኔን ስም በፖስታ ላይ ተጽፎ አይቼ አላውቅም ነበር። በትልቁ ተጽፏል፤ ሥራዬም አለበት። እጄን ዘረጋሁና «የእኔ ነው» አልኩ።

ሳይቀምሱ ተነሡ። ዓባይ አንገቱን ደፍቶ አባቱን ተከተለ። ብርቱካንን ትተዋት ሄዱ። ቄሱም ሳይባርክ ወጣ፤ ወጡ እንዳለ በድስቱ ቀረ።

ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽህም። ልጄን በአንድ ቃል ከትዳሯ አወጣኋት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እየተኛሁም እየተነሣሁም እጠይቃለሁ። ለመሐላዬ ንስሐ አባቴ ስግደት ሰጥቶኛል፤ እሱን እየፈጸምኩ ነው፣ ጉልበቴ አልቋል። የብርቱካንን ዕዳ የሚያወርድልኝ ስግደት ግን የለም። አንተም ድርሻህን ተሸከም። ስሜን ብትጠራው በዚያ አዳራሽ ነበር፣ በጊዜው።

ዓባይ በጾሙ መካከል አንድ ቀን መጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ። ብርቱካን አልወጣችለትም፤ እሱም አልገባም፤ ተመለሰ። እኔንም ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። ትፈጫለች፣ ትቀዳለች፣ ትተኛለች።

ከእንግዲህ ብትመጣ ደብዳቤ አታስቀድም።

ይህን ጽፌ ልዘጋው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ሰው የፋሲካውን በግ ሌጦ ይዞ እንደ ድሮው በጓሮ ዞሮ መጣ፤ ከሩቅ ስለ ሆነ ያለፈውን አልሰማም መሰለኝ። መወጠሪያ የለኝም፣ ትቼዋለሁ ልለው አፌን ስከፍት ብርቱካን ከቤት ወጣች። እኔን አላየችኝም። ሰውዬው ሌጦውን አጥሩ ላይ ሊጥል ሲል፣ «እዚያ አትጣለው» አለችው፤ «ዞረህ በፊት በር ግባ።»

ካሰች ጣሰው